በኮሚውኒቲ ኮሌጅ አቅም ውጭ አገር ሄዶ ስፓኒሽ ለመማር

ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ቨርጂኒያ ኖቫ የምትማሩ ልጆች ኮሪደር ላይ «ስተዲ አብሮድ» (ውጭ አገር ሄዶ መማር) የሚል ፖስተር ሳታዩ አትቀሩም። ቆሞ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ቀን ፓርኪንግ ወይም ሆም ኬር ሠርቶ ማታ ክፍል ለሚገባ ሰው የሌላ ሰው ነገር ይመስላል። እኔም ሁለት ሴሚስተር ሙሉ አልፌው ሄጃለሁ።

በኋላ ግን ሄድኩ። ጓቴማላ ውስጥ አራት ሳምንት ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖርኩ ስፓኒሽ ተማርኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአክስቴ ልጅ በኮሌጅ በኩል ሜክሲኮ፣ ዋሃካ ሄደች። እሷ በስኮላርሺፕ፣ እኔ በዕቁብ። ሁለቱን መንገድ ጎን ለጎን ሳየው፣ ጉዞውን ርካሽ ወይም ውድ የሚያደርገው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ክሬዲት (ኮሌጅ ለዲግሪ የሚቆጥረው የትምህርት ነጥብ)፣ ቀጥሎ ገንዘብ፣ መጨረሻ ቲኬት። ይህን ያዛባ ሰው ይከስራል።

1. ክሬዲቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ

እኔ የከሰርኩት እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ፕሮግራም ዋጋው ጥሩ መሰለኝና 300 ዶላር ዲፖዚት ከፈልኩ። ከዚያ አድቫይዘር ዘንድ ሄጄ «ይቆጠርልኛል?» ብዬ ጠየቅሁ። ከፕሮግራሙ ጀርባ ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) የሚሰጥ ኮሌጅ የለም። ስለዚህ አይቆጠርም። ዲፖዚቱም አይመለስም። ያ ገንዘብ ያኔ ለእኔ የአራት ቀን ሺፍት ነበር።

ክሬዲት ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? ከ1992 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ የፌደራል የትምህርት ዕርዳታ ውጭ አገር ለሚወሰድ ትምህርትም እንዲከፍል ይፈቅዳል። ማለትም ፔል ግራንታችሁ (ገቢው ዝቅ ላለ ተማሪ የሚሰጠው የማይመለስ የመንግሥት ዕርዳታ) ባሕር ማዶ አብሯችሁ ይሄዳል። ሁኔታው አንድ ነው፤ ኮሌጃችሁ ትምህርቱን በክሬዲት መቀበል አለበት። ይህን ብዙ ተማሪ አያውቅም። አንዳንድ ቢሮም ካልተጠየቀ አይናገርም።

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው የኮሌጃችሁ የራሱ ፕሮግራም ነው። አስተማሪ ተማሪዎች ይዞ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይሄዳል፣ ክሬዲቱ እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ይመዘገባል። ወረቀቱ ቀላል ነው። ድካሙ ግን ከአበሻ ጋር የሄደ አበሻ አማርኛ እንደሚያወራው፣ ከአሜሪካውያን ጋር የሄደም ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያወራ መዋሉ ነው።

ሁለተኛው፣ ሌላ የአሜሪካ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ በሚያካሂደው ፕሮግራም መመዝገብ ነው። ትራንስክሪፕቱ ከዚያ ይመጣል። ዕርዳታችሁ እንዲከተላችሁ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች «ኮንሶርሺየም አግሪመንት» የሚባል ውል መፈራረም ይኖርባቸዋል። ይህ ውል ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ለክረምት (ለሰመር) ጉዞ ከሆነ ከፌብሩዋሪ በፊት አስጀምሩት። የአክስቴ ልጅ የሄደችው በዚህ ነው።

ሦስተኛው የእኔ ነው። በራሳችሁ ገንዘብ ከኮሌጅ ጋር ያልተያያዘ አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ትማራላችሁ፤ ስትመለሱ ክሌፕ የሚባለውን፣ ክፍል ሳይገቡ ክሬዲት የሚያስገኘውን የኮሌጅ ቦርድ ፈተና ትወስዳላችሁ። በስፓኒሽ ፈተና 50 ላመጣ 6 ክሬዲት፣ 63 ላመጣ 9 ክሬዲት እንዲሰጠው ይመከራል። የፈተናው ዋጋ 100 ዶላር አካባቢ ነው፤ የፈተና ጣቢያው ትንሽ ሊጨምርበት ይችላል። ስድስት ክሬዲት ክፍል ገብቶ ለመማር ስንት እንደምትከፍሉ አስቡትና አስተያዩት። ችግሩ፣ በዚህ መንገድ ለጉዞው ፔልም ሌላ የፌደራል ዕርዳታም አይከፈልም። ደግሞ ሁሉም ኮሌጅ ክሌፕን እኩል አይቀበልም።

የትኛውንም ብትመርጡ ለአድቫይዘራችሁ ኢሜይል ጻፉ። በቃል የተነገራችሁ ነገር ሰውየው ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል። ሦስት ነገር ጠይቁ። በየትኛው ኮርስ ስም ይቆጠርልኛል? ለያዝኩት ዲግሪ ይገባል ወይስ ትርፍ ነው? ትራንስፈር ላደርግበት ያሰብኩት ዩኒቨርሲቲስ ይቀበለዋል? ሁለተኛዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ዕርዳታ የሚከፍለው ለዲግሪያችሁ ለሚያስፈልግ ትምህርት ነው።

እግረ መንገዳችሁን አማርኛችሁንም ጠይቁ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አማርኛ ማንበብና መጻፍ የሚችል ተማሪ የውጭ ቋንቋ ግዴታውን እንዳሟላ ይቆጥሩለታል። ስፓኒሹን ከዚያ በኋላ ለሥራ ብላችሁ ትማሩታላችሁ።

2. ገንዘቡ እንደ ወረቀታችሁ ይለያያል

ሲቲዝን ከሆናችሁና ፔል የምታገኙ ከሆነ የመጀመሪያው በር ጊልማን ስኮላርሺፕ ነው። የስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ነው፤ እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል። የኮሚውኒቲ ኮሌጅ ተማሪ በደንብ ይገባበታል። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ኦክቶበርና ማርች ላይ ይዘጋል። መንግሥት በጀት ሲቀይር እነዚህም ይነካሉና፣ የዘንድሮው መከፈቱን ሳታረጋግጡ ገንዘቡን እንዳገኛችሁት አትቁጠሩት።

እዚህ ላይ ለአንዳንዶቻችሁ የሚሆን ነገር አለ። ቤይሩት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ኖራችሁ አረብኛ የምትናገሩ፣ ግን የማታነቡ ልጆች ብዙ ናችሁ። ጊልማን እንደ አረብኛና ስዋሂሊ ላሉ ተፈላጊ ቋንቋዎች ተጨማሪ እስከ 3,000 ዶላር ይሰጣል። ሞሮኮ ወይም ዮርዳኖስ ሄዳችሁ ማንበብና መጻፉን ብትጨምሩበት፣ በቤት ሠራተኝነት ዘመን የተማራችሁት ቋንቋ የዲግሪ አካል ይሆናል። በላባችሁ የተማራችሁት ነው፤ ይገባችኋል።

ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ እንዲሁም ስደተኝነታችሁ ወይም አሳይለማችሁ (የጥገኝነት ጥያቄያችሁ) የጸደቀላችሁ ፔል ታገኛላችሁ። ጊልማን ግን ለሲቲዝን ብቻ ነው። ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ፈንድ ፎር ኤጁኬሽን አብሮድ የሚባለውን እዩ። ከቤተሰባቸው መጀመሪያ ኮሌጅ ለገቡና ለኮሚውኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ትኩረት ይሰጣል።

ሁላችሁም የክረምት ፔላችሁን ጠይቁ። ከ2017 ጀምሮ ፎልና ስፕሪንግ ሙሉ ፔል የወሰደ ተማሪ ለሰመር ተጨማሪ ማግኘት ይችላል፤ በዓመቱ እስከ 150 በመቶ ይደርሳል። ለተጨማሪው ቢያንስ ስድስት ክሬዲት መመዝገብ ይጠይቃል። ስለዚህ ውጭ የምትወስዱት ሦስት ክሬዲት ከሆነ፣ ሌላ ሦስት ኦንላይን ጨምሩበት። ፔል በዕድሜ ልክ 12 ሴሚስተር ያህል ብቻ እንደሚሰጥም አትርሱ። ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ስትሄዱ ደግሞ «የጉዞዬ ወጪ የትምህርት ወጪዬ ውስጥ ይታሰብልኝ» በሉ። አውሮፕላኑም፣ ማደሪያውም፣ ኢንሹራንሱም ሊታሰብ ይችላል። ካልጠየቃችሁ ማንም አያስታውሳችሁም።

ስለ ማመልከቻው ድርሰት አንድ ነገር ልበል። «ሌላ ባህል ማወቅ እፈልጋለሁ» ብሎ የማይጽፍ የለም። የአክስቴ ልጅ የጻፈችው ሌላ ነው። የምትሠራበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ አንዲት የኤል ሳልቫዶር እናት ሌሊት እየተነሱ «ሜ ዱዌሌ» ይላሉ። አሞኛል ማለት ነው። የት እንደሚያማቸው ግን የሚጠይቃቸው ሰው የለም፤ ማታ ላይ ስፓኒሽ የሚችል አይገኝም። እሷ ነርስ ስትሆን «ዶንዴ ሌ ዱዌሌ?» ብላ መጠየቅ እንደምትፈልግ ጻፈች። ከዚያ ስንት ሳምንት፣ የትኛው ኮርስ፣ ተመልሳ ምን እንደምትሠራ ዘረዘረች። የእናንተም ሥራ ቦታ እንዲህ ዓይነት ሰው አያጣም።

3. ወረቀት፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ሲቲዝኖች፣ የመጀመሪያ ፓስፖርት ለአዋቂ 130 ዶላር፣ ሲደመር 35 የማስፈጸሚያ ነው። ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ አመልክቱ።

ግሪን ካርድ ያላችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርዳችሁ ሜክሲኮ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። ሁለቱም ያላለፈባቸው ይሁኑ። ለሌላ አገር የአገሩን ኤምባሲ ጠይቁ። ስድስት ወር ካላለፈ ለሲቲዝንነት የምትቆጥሩት ተከታታይ የመኖሪያ ጊዜ አይቋረጥም።

አሳይለም የጸደቀላችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርት አትጓዙ። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ አውጡ፤ ወራት ይወስዳል።

አሳይለማችሁ ገና ያልታየላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ አትውጡ። ያለ አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ከወጣችሁ ማመልከቻችሁን እንደተዋችሁት ይቆጠራል። ፓሮሉ ቢኖርም ጠበቃ ሳታማክሩ አይሆንም። ለእናንተ ላንግሊ ፓርክ አለላችሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በአውቶቡስ ቅርብ ነው፤ ሱቁም፣ ቤተክርስቲያኑም፣ ምግብ ቤቱም በስፓኒሽ ነው የሚሠራው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቦታ በበጎ ፈቃድ ብትሠሩ የምትሰሙት ቋንቋ ጓቴማላ ከሰማሁት አይተናነስም።

4. የት? በስንት?

ሁለት ቦታ በቅርብ አውቃለሁ። ጓቴማላ በአንድ ለአንድ ትምህርት የታወቀች ናት። አንድ አስተማሪ፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ በቀን አራት ወይም አምስት ሰዓት። አንቲጓ ከተማ ቆንጆ ናት፣ ግን ቱሪስት ይበዛባታል፣ እንግሊዝኛ ያታልላችኋል። ሰዎች ሼላ የሚሏት ኬትሳልቴናንጎ ትሻላለች። ከፍታዋ 2,330 ሜትር ነው፣ ልክ እንደ አዲስ አበባ። ጠዋት ብርድ፣ ከሰዓት ዝናብ። ጁላይ ላይ ስደርስ የሐምሌ ሽታ ሸተተኝ።

በሳምንት ለትምህርቱ፣ ለመኝታና ለምግብ አንድ ላይ ከ250 እስከ 450 ዶላር ይጠይቃሉ። ለአራት ሳምንት ከ1,000 እስከ 1,800 ማለት ነው። ቲኬት ከ400 እስከ 700። ኢንሹራንስና የኪስ ገንዘብ 300 ያህል። ጠቅላላው ከ1,700 እስከ 2,800 ዶላር ይሆናል።

የስቴት ዲፓርትመንትን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ግን እዩ። አገሮችን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ያወጣል። ጓቴማላ ላለፉት ዓመታት ደረጃ 3 ላይ ነው የቆየችው። ብዙ ኮሌጅ ደረጃ 3 ለሆነ አገር ክሬዲት አይፈቅድም፤ ስኮላርሺፕም ሊከለክል ይችላል። ሜክሲኮ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ዋሃካና ዩካታን ከረጋጉት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በኮሌጅ በኩል ለሚሄድ ሜክሲኮ፣ በራሱ ገንዘብ ለሚሄድ ጓቴማላ እላለሁ። በራሳችሁ ብትሄዱም ማታ በታክሲ እንጂ በእግር አትሂዱ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ትምህርት ቤቱ ራሱ እንዲቀበላችሁ አድርጉ።

5. ዕቁብ

እኔን የወሰደኝ ዕቁብ ነው። አሥር ሆነን በወር 250 ዶላር እንጥል ነበር። ዙሩ ሲደርስ 2,500 ዶላር። ለዳኛው ገና ስንጀምር «ሜይ ላይ ብትሰጡኝ» ብዬ ለመንኩ፤ ዕጣዋ ሜይ ላይ የወጣላት ልጅ ተቀያየረችኝ። ሲጀመር ተነጋገሩ። አጋማሽ ላይ መለመን ሰው ያስቀይማል። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ ገንዘቡን በማትነኩት አካውንት አስቀምጡት። እጅ ላይ ያለ ብር ቤት ኪራይ ይሆናል፣ አዲስ አበባ ይላካል፣ ያልቃል።

ሰው የማይቆጥረው ወጪ የቀረበት ደሞዝ ነው። አራት ሳምንት አትሠሩም፤ ኪራይ ግን አይቆምም። ክፍላችሁን ለአንድ ወር የሚይዝ ሰው ፈልጉ። ከመሄዳችሁ በፊት የባልደረቦቻችሁን ሺፍት ሸፍኑላቸው፣ በምትሄዱበት ጊዜ እነሱ ይሸፍኑላችኋል። ለአገር ቤት በየወሩ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ቤት ውስጥም ንግግር ይኖራል። እናቴ «ነርሲንጉን ሳትጨርስ የምን ጓቴማላ ነው?» አለች። በክሌፕ የማገኘው ክሬዲት ለዲግሪዬ እንደሚቆጠር የሚለውን የአድቫይዘሬን ኢሜይል ወንድሜ ተረጎመላት። ያን ጊዜ ተረጋጋች። ለእናት የሚታይ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ።

6. ከመሄዳችሁ በፊት አፋችሁን አሟሹ

ከዜሮ አትሂዱ። አንድ ሴሚስተር ስፓኒሽ እዚሁ ውሰዱ። ያለበለዚያ በ«ስሜ እከሌ ነው» ሁለት ሳምንት ታቃጥላላችሁ።

አማርኛ ተናጋሪ መሆናችሁ ትልቅ ሀብት ነው። አሜሪካዊ ተማሪ ከ«ኝ» ጋር ሲታገል፣ «ማኛ ጤፍ» የሚል አፍ «ማኛና» ለማለት አይቸገርም። ፔሮ ሲላላ «ግን» ነው፣ ሲጠብቅ «ውሻ» ነው። ገና በዓሉንና «ገና ነው» የምንለውን ለይቶ ለሚናገር ሰው ይህ ቀላል ነው። «ኡስቴድ» ልክ እንደ «እርስዎ» ነው፤ ግሱም እንደኛው ወደ ሦስተኛ ሰው ይሄዳል። ጓቴማላ ውስጥ ኡስቴድ በብዛት ይሰማል፣ ጓደኛሞችም ይባባሉበታል። እናንተም በኡስቴድ ጀምሩ፤ አንቱታን የሚቀየም የለም።

ሁለት ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «ኮሞ ሴ ዲሴ?» ምን ይባላል ነው። «ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቮር» ቀስ ብለው ይንገሩኝ ነው።

7. እዚያ ስትደርሱ

ማደሪያችሁ ከቤተሰብ ጋር ይሁን። ሆስቴል በጥቂት ዶላር ይረክሳል፣ ግን ትምህርቱ ግማሹ የሚገኘው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስትመዘገቡ «ሌላ ተማሪ የሌለበት ቤት» ብላችሁ ጠይቁ።

የእኔዋ ሴኞራ (ያደርኩበት ቤት እመቤት) ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች ያሏት ነበረች። የመጀመሪያ ቀን ጥቁር ባቄላ፣ ሩዝና ትኩስ ቶርቲያ በጨርቅ ጠቅልላ አቀረበች። በልቼ ስነሳ ዝም ብዬ ወጣሁ። ልጇ ተከትሎ መጣና አስተማረኝ፤ እዚያ ከማዕድ የሚነሳ ሰው «ሙቻስ ግራሲያስ» ይላል፣ የቀሩት «ቡዌን ፕሮቬቾ» ይሉታል። «እንብላ» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ ወዲያው ይገባል። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ አልረሳሁትም።

ጾም የምትጾሙ፣ በጉዞው ወቅት ጾመ ሐዋርያት ወይም ፍልሰታ ይገጥማችኋል። ባቄላው የጾም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በማንቴካ ነው የሚጠበሰው። ማንቴካ የአሳማ ስብ ነው። ሙስሊሞችም ይህን ቃል ያዙ። «ሲን ማንቴካ፣ ኮን አሴይቴ» በሉ፤ ያለ ስብ፣ በዘይት ማለት ነው። «ሥጋ አልበላም» ብትሉ ደግሞ ዶሮ ሊመጣላችሁ ይችላል፤ ዶሮን ከሥጋ የማይቆጥር ብዙ ነው። ስለዚህ ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ወተት እያላችሁ አንድ በአንድ ዘርዝሩ። እኔ በሁለተኛው ሳምንት ይህን ሁሉ ለሴኞራዬ በስፓኒሽ አስረዳሁ። ክፍል ውስጥ ከተማርኩት ሁሉ የበለጠ ያናገረኝ ያ ነው። የእነሱን የዐቢይ ጾም ወግ ነገረችኝ፣ እኔም የእኛን።

የቧንቧ ውሃ አትጠጡ።

ስልክ ትልቁ ፈተና ነው። ቀን ስፓኒሽ ተምሮ ማታ አልጋ ላይ በአማርኛ ቴሌግራምና ቲክቶክ የሚያመሽ ሰው ቋንቋው አይገባውም። እኔ ቤት የምደውለው እሑድ ብቻ ነበር። ሌላው ቀን ከትምህርት በኋላ ገበያ እሄድና አንድ ነገር ጠይቄ፣ ተከራክሬ፣ የሰማሁትን አዲስ ቃል በደብተር ጽፌ እመለሳለሁ። በማግስቱ አስተማሪዬ ከደብተሩ ትጀምራለች። አንድ ለአንድ ትምህርት የሚጠቅመው እንዲህ ነው፤ ርዕሱን እናንተ ታመጣላችሁ። ነርስ ለመሆን የምትማሩ የሰውነት ክፍልና የሕመም ቃላት ጠይቁ። ሒሳብ አያያዝ የምትማሩ ደረሰኝ ይዛችሁ ግቡ።

8. ስትመለሱ

በመጀመሪያው ሳምንት ትራንስክሪፕቱ ለኮሌጃችሁ መላኩን ተከታተሉ። ሳይደርስ ቀርቶ ፔሉን መልስ የተባለ ተማሪ አውቃለሁ። ክሌፕ የምትወስዱ በአራት ሳምንት ውስጥ ተፈተኑ፤ ከዚያ በኋላ ጆሮ ይደነዝዛል። ጊልማን ያገኛችሁ ስትመለሱ የማኅበረሰብ ሥራ መሥራት ይጠበቅባችኋል። የአክስቴ ልጅ ቤተክርስቲያናቸው አዳራሽ ውስጥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፋፍሳ (የፌደራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ ፎርም) እንዴት እንደሚሞላ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችና ለወላጆቻቸው በአማርኛ አሳየች። አሁን ነርሲንግ ሆሟ የማታ ሺፍት ላይ ናት፤ እኒያ እናት ሲነሱ የሚጠሩት እሷን ነው።